አራት ዓይነት አውቶካድ፣ አንድ የሜኑ ፋይል፦ የአንድ አማካሪ ቢሮ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሕንፃና የመንገድ ዲዛይን አማካሪ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። ችግሩ ግን ከአንድ በላይ ዓይነት አውቶካድ (የዲዛይን ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) የጫነ ቢሮ ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ነው።

ቅሬታው እንዲህ ነበር። አርክቴክቶቹ ጠዋት አውቶካድ ሲከፍቱ ትናንት የነበረው የቢሮው ቱልባር (የራሱ የአይኮኖች ረድፍ) የለም። ከሰዓት በኋላ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። የመንገድ ክፍሉ ሲቪል 3ዲን (ለመንገድና መሰል ሥራ የተዘጋጀውን አውቶካድ) ሲከፍት የሲቪሉ ሪቦን (ስክሪኑ አናት ላይ ያለው የአይኮኖች ሰሌዳ) ጠፍቶ ተራ አውቶካድ መስሎ ይነሳል። አይኮኖች ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራሉ። ሰርቨሩ የቆመ ቀን ደግሞ ጭራሽ ሜኑ የሌለው ባዶ ስክሪን ነው የሚመጣው። አይቲው ቫይረስ ነው ብሎ ጥቂት ኮምፒውተሮችን ፎርማት አደረገ። ትንሽ ተሻለ፣ ከዚያ ያው ሆነ። እኔ የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ቢሮው ውስጥ ምን ነበር

አርክቴክቶቹ አውቶካድ 2018 ላይ ናቸው። 2018 ሲባል የኢትዮጵያው እንዳይመስላችሁ፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2009 የወጣ ቨርዥን ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። ስትራክቸሮቹ 2022 ይጠቀማሉ። መንገድና ውሃ ክፍል ሲቪል 3ዲ 2021 ላይ ነው። ኳንቲቲ ሰርቬየሮቹ ድሮዊንግ ከፍተው መለካትና ማተም ብቻ ስለሚፈልጉ ርካሹ አውቶካድ ኤልቲ 2022 ተገዝቶላቸዋል።

ለምን አንድ ዓይነት አልሆነም ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። አውቶዴስክ በ2016 አዲስ ቋሚ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ነገሩን ሁሉ ወደ ኪራይ አዞረው። ቢሮው ከዚያ በፊት የገዛቸው ቋሚ ፈቃዶች እስከ 2018 ቨርዥን ታድሰው እዚያው ቆሙ። ኪራዩ በዶላር ነው። ዶላር ደግሞ እንዴት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። ሲቪል 3ዲው የቆየው በሌላ ምክንያት ነው። በአዲሱ ቨርዥን የተሠራ የመንገድ ዲዛይን በአሮጌው ሲከፈት አላይመንቱና ሰርፌሱ (የመንገዱ መስመርና የመሬቱ ገጽ) እንደ ልብ አይታረምም። አሠሪው መሥሪያ ቤት 2021 ላይ ካለ አማካሪውም 2021 ላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ «ሁላችሁም አፕግሬድ አድርጉ» የሚለው ምክር እዚህ ቦታ አልነበረውም።

የቢሮው ቱልባር የአንድ አንጋፋ ድራፍትማን የዓመታት ሥራ ነው። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። የቢሮው ታይትል ብሎክ፣ የላየር አሰያየም፣ የዳይሜንሽን ስታይል፣ የሪቪዥን ምልክት፣ የክፍል ስፋት በካሬ ሜትር አስልቶ የሚጽፍ ሊስፕ (አውቶካድ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም)፣ በአንድ ንክኪ ኤዋን ወረቀት ላይ የሚያትም አይኮን፤ ሁሉም የሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አልኳቸው።

«ማን ይሠራልሃል ታዲያ? በአሥራ አራቱ ጊዜ በኖትፓድ ነበር የምጽፈው» አሉኝ።

አሥራ አራቱ ያሉት በ1997 የወጣውን ሪሊዝ 14 ነው። እውነታቸውን ነው። ያኔ ሜኑ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ምን ምን እንደሚታይ የሚወስነው፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። ከፍተህ ታየዋለህ፣ ታርመዋለህ፣ ትዘጋለህ። ከአውቶካድ 2006 ጀምሮ ነገሩ ሲዩአይ ወደሚባል በኤክስኤምኤል የተጻፈ ፋይል ተቀየረ። ከ2010 ቨርዥን ወዲህ ደግሞ ሲዩአይኤክስ ሆነ። ሲዩአይኤክስ እንደ ዚፕ የታሸገ ፋይል ነው። ሪቦኑ፣ ቱልባሩ፣ ወርክስፔሱ (የስክሪኑ አቀማመጥ) በየራሳቸው ኤክስኤምኤል ፋይል ሆነው ውስጡ አሉ፤ የአይኮን ምስሎችም አብረው። ማየት የፈለገ ኮፒ አድርጎ መጨረሻውን ወደ ዚፕ ይቀይርና ይክፈተው። ኮፒውን ነው ያልኩት፤ ዋናውን እንዳትነኩ።

ጥፋቱ የት ነበር

በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ኮማንድ ላይን ላይ ሜኑኔም ብለን ጻፍን። ይህ ሲስተም ቫሪያብል የሚባል የውስጥ ሴቲንግ አውቶካዱ ዋና አድርጎ የያዘው የሜኑ ፋይል የት እንዳለ ይነግራል። በጤናማ ኮምፒውተር መልሱ በተጠቃሚው የግል ፎልደር፣ በሲድራይቭ አፕዳታ ውስጥ ነው የሚሆነው። እዚህ ግን አርክቴክቱም፣ ስትራክቸሩም፣ ሲቪሉም ጋ ተመሳሳይ መልስ መጣ። ሰርቨሩ ላይ ያለ አንድ ፋይል።

አሳቡ ከመጥፎ ልብ አልመጣም። የጋሼን ቱልባር ለሁሉም ለማዳረስ የኮምፒውተሮቹ ሴቲንግ ውስጥ ተገብቶ «ዋናው ፋይል» የሚለው መስመር ወደ ሰርቨር ዞረ። የመጀመሪያው ቀን በጣም አሪፍ ነበር አሉ። ሁሉም ሰው ሁሉንም አይኮን አየ።

ችግሩ አውቶካድ ዋናውን ፋይል ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም መቻሉ ነው። አንድ ሰው ፓነል ጎትቶ ወርክስፔሱን ሴቭ ሲያደርግ ይጻፍበታል። ተጨማሪ ፕሮግራም ተጭኖ የራሱን ሜኑ ሲያስገባ ይጻፍበታል። የሜኑ ኤዲተሩን ከፍቶ ኦኬ ያለ ሁሉ ይጽፍበታል። ሁለት ሰው ከጻፈ የኋለኛው ያሸንፋል። ቱልባሩ ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት የሚመለሰውም ለዚሁ ነው። ጋሼ ሲያጡት ካስቀመጡት ኮፒ ይመልሱታል፣ ሌላው መልሶ ያጠፋዋል። ማንም ተንኮል አልሠራም።

በዚህ ላይ የቨርዥን ልዩነት ተጨመረ። ከስትራክቸር ክፍል አንዱ የ2022ን ፓነሎች ወደ ጋራው ፋይል አስገብቷል። 2022 ውስጥ ካውንት የሚባል፣ ብሎክ (ተደጋግሞ የሚገባ ሥዕል) የሚቆጥር አዲስ ኮማንድ አለ። የአርክቴክቶቹ 2018 ላይ ያ አይኮን ይታያል፤ ሲነኩት ግን «እንዲህ የሚባል ኮማንድ አላውቅም» ይላል። የጥያቄ ምልክቱም መነሻ ያው ነው። አውቶካድ ይዟቸው የሚመጣቸው አይኮኖች ምስላቸው የሚቀመጠው በሜኑ ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ጋር በሚጫን ሌላ ፋይል ነው። የ2022ን ምስል 2018 ውስጥ ብትፈልገው የለም።

የሲቪል 3ዲው ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ሲቪል 3ዲ የራሱ ዋና ፋይል አለው፣ ሲ3ዲ ይባላል። የራሱ ሪቦን የተጻፈው እዚያ ነው። ያንን አንስተህ የአውቶካድን ብትሰጠው ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ኮማንዶቹም በእጅ ከተጻፉ ይሠራሉ፣ የሚነካ ነገር ግን የለም። የመንገድ መሐንዲሶቹ ለወራት ኮማንድ በእጃቸው እየጻፉ ነበር። አንዷ ኢንጂነር ወረቀት ላይ ጽፋ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። አደነቅኳት፤ ግን እንዲህ ተሠርቶ መኖር የለበትም።

አይቲው ነገሩ ሲገባው ፈጣን መፍትሔ አመጣ፤ «ፋይሉን ሪድ ኦንሊ ላድርገው»። መጻፉ ይቆም ነበር። ግን ማንም ሰው የራሱን ፓነል የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። ሲቪሉም እንደታመመ ይቀራል። ሰርቨሩ ሲቆም ባዶ ስክሪኑም ይቀጥላል። የጋራው ከግሉ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ እስከኖረ ድረስ በቁልፍ ብቻ አይስተካከልም።

ሦስቱ ወንበሮች

አውቶካድ ለሜኑ ፋይል ሦስት ወንበር አለው። ዋናው አንድ ነው፤ የተጠቃሚው የግሉ ነው። ኢንተርፕራይዝ የሚባለውም አንድ ነው፤ ተጠቃሚው ያነበዋል እንጂ ሊለውጠው አይችልም። ፓርሻል የሚባሉት ግን ብዙ መሆን ይችላሉ፤ በዋናው ላይ እንደ ተጨማሪ ይጫናሉ።

ስለ ሦስቱ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወዲያው ኢንተርፕራይዝ ይሁን ይላሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ማስተካከል የሚችለው የቢሮው ካድ ኃላፊ ብቻ ነው። እሱም ለብቻው ፕሮፋይል ከፍቶ ያንን ፋይል ዋናው ወንበር ላይ አስቀምጦ ያርመዋል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ አንድ ቨርዥን ቢሆን እኔም እሱን እመርጥ ነበር። እዚህ ግን ሦስት ዓይነት ፕሮግራምና ሦስት የቨርዥን ዓመት አለ። ኢንተርፕራይዝ ወንበሩ አንድ ብቻ በመሆኑ ነገ የሆነ ፕሮግራም ወይም ፕሮጀክት ቦታውን ቢፈልገው ጣጣ ነው። ፓርሻል ግን ዋናው ማንም ይሁን ማን በላዩ ላይ ይቀመጣል። ሲ3ዲም ላይ፣ ኤልቲም ላይ ያው ነው። እኛ ፓርሻልን መረጥን።

ፓርሻል አንድ ጉድለት አለው። ውስጡ ያስቀመጥከው ወርክስፔስ አይሠራም፤ ወደ ዋናው ካልተዛወረ በስተቀር። ለእኛ ይህ ጥቅም ሆነልን። የቢሮው ፋይል የማንንም ሰው የስክሪን አቀማመጥ አይነካም ማለት ነው።

ሥራው

መጀመሪያ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። እያንዳንዱ አውቶካድ ዋናው ፋይል ወደ ግል ፎልደሩ፣ ሲቪሉ ወደ ሲ3ዲው ዞረ። የሰርቨሩ ፋይል አልተሰረዘም፤ ጎን ተቀመጠ። አውቶካድ ፋይሉ ሲታረም አጠገቡ ባክ የሚል ቅጂ ያስቀምጣል። የጋሼ ኮፒና ያ ባክ ተዳምረው ምንም ነገር ሳይጠፋ ቀረ።

ከዚያ በሜኑ ኤዲተሩ ትራንስፈር በሚለው ገጽ ላይ በግራ የተበላሸውን ፋይል፣ በቀኝ አዲስ ባዶ ፋይል ከፍተን የጋሼን ነገር ብቻ እየጎተትን አሻገርን። ይህ የተሠራው በአርክቴክቶቹ 2018 ላይ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ የጋራ ፋይል የሚታረመው ቢሮው ውስጥ ባለው በጣም አሮጌው ቨርዥን ላይ ብቻ ነው። አሮጌው የጻፈውን አዲሱ ያነባል። የተገላቢጦሹ ግን አስተማማኝ አይደለም።

ምስሎቹ ጣጣ አመጡ። ጋሼ የሳሏቸው አይኮኖች ግማሾቹ የሚነበቡት ከራሳቸው ዴስክቶፕ ነበር። እሳቸው ጋ ያምራሉ፣ ሌላው ጋ የጥያቄ ምልክት ናቸው። ኤዲተሩ ውስጥ ኢሜጅ ማናጀር የሚል አለ። በእሱ ምስሎቹን ወደ ፋይሉ ውስጥ አስገባናቸው። ትንሹ 16 በ16፣ ትልቁ 32 በ32 ፒክስል።

ሌላው ወጥመድ የግሩፕ ስም ነው። እያንዳንዱ ሲዩአይኤክስ ከፋይል ስሙ ሌላ ውስጡ የተጻፈ የግሩፕ ስም አለው። አውቶካድ የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ዓይነት የግሩፕ ስም ያላቸውን ሁለት ፋይሎች አብሮ አይጭንም። አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ድሮ ኮፒ ተደርጎ «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲስ» የተባለ የጋሼ ፋይል ተጭኖ ስለነበር አዲሱ አልገባም አለ። የፋይሉ ስም ተቀይሯል፣ የግሩፑ ስም ግን ያው ነው። አሮጌዎቹን አውርደን ለአዲሱ አዲስ ስም ሰጠነው።

አንዳንዶች ጋ ደግሞ ፋይሉ ተጭኖ ታቡ አይታይም። ሪቦኑን በቀኝ ክሊክ ነክቶ ከታቦቹ ዝርዝር መምረጥ ይበቃል። ከዚያ ወርክስፔሱን ሴቭ ማድረግ፤ አሁን የሚጽፈው በራሱ ፋይል ላይ ስለሆነ እንደፈለገ ይጻፍ።

ማክሮዎቹን (አይኮን ሲነካ የሚፈጸሙትን ትዕዛዞች) ስናይ ብዙው ደህና ነው። የማተሚያው ግን አልነበረም። ውስጡ የፕሎተሩ ስም በቀጥታ ተጽፏል። ያ ስም ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው። ሌላው ጋ ያው ፕሎተር በሌላ ስም ተጭኗል። ስሞቹን አንድ ለማድረግ ከመልፋት ማተሚያውን ከማክሮው አውጥተን በቢሮው ቴምፕሌት (አዲስ ድሮዊንግ በሚጀመርበት ፋይል) ውስጥ ፔጅ ሴታፕ (የማተሚያ ሴቲንግ) አድርገን አስቀመጥነው። ለጋሼ ይህ አልተዋጠላቸውም። «አንዴ ነክቼ የሚወጣውን አሁን ሁለቴ ልንካ?» አሉ። እውነት ነው፣ ለሳቸው አንድ ንክኪ ጨመረ። ለሌላው ሁሉ ግን ማተም ጀመረ።

ከዚያ ፋይሉን ለሁለት ከፈልነው። አንደኛው ተራ ማክሮዎች ብቻ ያሉበት ነው፤ ላየር፣ ዳይሜንሽን፣ ታይትል ብሎክ። የትም ይሠራል፣ ኤልቲም ላይ። ሁለተኛው ሊስፕ የሚጠሩት አይኮኖች ናቸው። ኤልቲ እስከ 2023 ቨርዥን ድረስ ሊስፕ አያውቅም። የክፍል ስፋት የሚያሰላውን አይኮን ኤልቲ ላይ ማሳየት ሰውን ማናደድ ብቻ ነው። ከሁለተኛው ፋይል አጠገብ ያንኑ ስም የያዘ ኤምኤንኤል ፋይል አስቀመጥን። ሜኑው ሲጫን ያ ፋይል አብሮ ይነሳና ሊስፖቹን ይጭናል። የጥንት ዘዴ ነው፤ ጋሼ ሲያዩት ፈገግ አሉ።

ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተር

ፋይሎቹ ዋና ቤታቸው ሰርቨር ላይ ነው፤ አውቶካድ ግን ከዚያ አያነብም። ተጠቃሚው ጠዋት ዊንዶውስ ሲገባ አጭር ስክሪፕት በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ ኮፒ ማድረጊያ) የተለወጠውን ብቻ ወደ ሲድራይቭ ያወርዳል። አውቶካድ የሚያነበው ያንን ነው። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ መሐንዲሱ ላፕቶፑን ይዞ ፊልድ ቢወጣ፣ የቢሮው ሜኑ አብሮት ነው። አውቶካድ ከመከፈቱ በፊት ስለሚወርድም «ፋይሉ ተይዟል» የሚል ነገር የለም።

ፎልደሩ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ አለው። ዋናው ፋይል የፓርሻሉን አድራሻ ስለሚያስታውስ ይህ መደረግ ነበረበት። በዚያ ፎልደር ላይ መጻፍ የሚችለው አድሚን ብቻ ነው። ይህም ለሊስፑ ደህንነት ይጠቅማል። ከ2014 ቨርዥን ጀምሮ አውቶካድ ካልታመነ ቦታ ሊስፕ ሲጭን ያስጠነቅቃል። ብዙ ቢሮ ማስጠንቀቂያው ሲሰለቸው ጨርሶ ያጠፋዋል። አታጥፉት። በ2012 ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ሜድሬ የሚባል በአውቶካድ ሊስፕ የተጻፈ ዎርም ይፋ አድርጎ ነበር። በብዛት የታየው ፔሩ ውስጥ ነው። ሥራው የሰውን ድሮዊንግ ቻይና ወዳሉ የኢሜይል አድራሻዎች መላክ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ከማጥፋት ያንን አንድ ፎልደር የታመነ ብሎ ማስመዝገብ ይሻላል። እሱ ነው የተደረገው።

ሰው አውቶካዱን ወደ መጀመሪያው ሴቲንግ ሲመልስ ፓርሻሎቹ ይወርዳሉ። ለዚያ መፍትሔ እንዲሆን፣ ድሮዊንግ በተከፈተ ቁጥር የሚነሳው አካድዶክ የሚባለው ሊስፕ ውስጥ ጥቂት መስመር ተጻፈ። ሜኑግሩፕ በሚለው ፈንክሽን የቢሮው ግሩፕ መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ ይጭናል፣ ካለ ዝም ይላል። ኤልቲዎቹ ላይ ይህ ስለማይሆን አንዴ በእጅ ተጫነ።

ሰዎቹ

ከቴክኒኩ ይልቅ ያከራከረው «ማን ያርመው» የሚለው ነበር። ወጣቶቹ ሁላችንም እንጨምርበት አሉ። ጋሼ ደግሞ የልጅነታቸው ሥራ ሰው እጅ ሊገባ ስለሆነ ቅር ብሏቸዋል። በመጨረሻ የጋራውን ፋይል የሚያርሙት ጋሼ ሆኑ፣ አንድ ወጣት አርክቴክት ከጎናቸው ተመደበች። እሳቸው የማክሮውን፣ እሷ የምስሉንና የሙከራውን ያዙ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ኤልቲ ላይ እምቢ ብሏል» ስትላቸው «አምጪው እስቲ» ይላሉ። ጥያቄ የሚገባው በቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ነው። ለውጡ የሚወጣው ግን በወር አንዴ ነው፣ በአራቱም ዓይነት ላይ ከተሞከረ በኋላ። የራሱ አይኮን ዛሬውኑ የሚያስፈልገው ሰው በራሱ ዋና ፋይል ላይ ያድርገው።

ሾርትካቶቹ፣ ማለትም ፒጂፒ ፋይሉ፣ የጋራ ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። ሰው ለሃያ ዓመት ጣቱ የለመደውን ፊደል በቢሮ ውሳኔ አትቀይርበትም።

ቱል ፓሌቶቹ (ብሎክ የሚመረጥባቸው ሰሌዳዎች) ግን እስካሁን አንድ አልሆኑም። በ2022 የተሠራ ፓሌት 2018 ላይ አያገለግልም። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ሁለት የፓሌት ፎልደር አለ። አዲስ ብሎክ ሲመጣ ሁለቱም ጋ ይገባል፣ አንዳንዴም አንዱ ይረሳል። ኳንቲቲ ሰርቬየሮቹ ከዚያ ወዲህ ሊስፕ ወደሚያውቀው ኤልቲ 2024 ተሻግረዋል፤ የስፋት ማስያው አይኮንም ተጭኖላቸዋል። አርክቴክቶቹ ግን አሁንም 2018 ላይ ናቸው። የጋራው ፋይል የሚታረመውም እዚያው ነው።